ቡዳፔስት ሲመሽ፦ ልጃችሁ የሚያመሽበት ሰፈርና የሚከፈለው ሒሳብ

ከእስራኤል ተነስተው ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና ወይም የእንስሳት ሕክምና ለመማር ወደ ሃንጋሪ የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ልጃችሁ ወይም የእህት የወንድማችሁ ልጅ ከነሱ አንዱ ከሆነ፣ ወይም ልሂድ እያለ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይመክራል። የትምህርቱ ክፍያ ስንት ነው? የቤቱ ኪራይስ? ምግቡን ማን ያበስላል? ይህ ሁሉ ይነሳል። ስለ ማታው ግን ማንም አያነሳም። ልጁ ማታ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚወጣ፣ ቢራም እንደሚጠጣ እናውቃለን፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። ግን እሱም ያፍራል፣ እኛም እናፍራለን። በዝምታው መሐል ገንዘቡ ይወጣል። ገንዘቡ ደግሞ የአባት የሌሊት ፈረቃ ነው፤ የእናት የጽዳት ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያች ከተማ ልውሰዳችሁ። ቦታውን ያወቀ ሰው ለመነጋገር አይቸገርም።

ከተማዋና ሰፈሩ

ከቤን ጉሪዮን ቡዳፔስት ለመድረስ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያለፈ በረራ ይበቃል። ከተማዋን ዳኑብ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በስተ ምዕራብ ያለው ቡዳ ነው፣ ኮረብታማ። በስተ ምሥራቅ ያለው ፔስት ነው፣ ሜዳማ። ሁለቱ ተዋህደው አንድ ከተማ የሆኑት በ1873 ነው። ሌሊቱ የሚደምቀው በፔስት በኩል ነው፤ በተለይም ኤርዜቤትቫሮሽ በሚባለው በ7ኛው ክፍለ ከተማ። ሃንጋሪዎቹ የዚህን ሰፈር መሐል «ቡሊኔጅድ» ይሉታል፤ የጭፈራ ሰፈር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ የጭፈራ ሰፈር የአይሁድ ሰፈር ነው። በዶሃኝ መንገድ ላይ በአውሮፓ ትልቁ ምኩራብ ቆሟል፤ ተሠርቶ ያለቀው በ1859 ሲሆን ወደ 3000 ሰው ያስቀምጣል። ቴዎዶር ሄርዝል የተወለደው ከምኩራቡ አጠገብ በነበረ ቤት ውስጥ ነው፣ በ1860። በ1944 መጨረሻ ላይ ናዚዎችና የአገሩ ተባባሪዎቻቸው ይህንን ሰፈር በአጥር ከልለው ወደ 70,000 የሚጠጋ አይሁዳዊ አጎሩበት። የሶቪየት ጦር ጥር 1945 እስኪደርስ ድረስ በረሃብ፣ በብርድና በጥይት ብዙ ሕዝብ አለቀ። በምኩራቡ ግቢ ውስጥ ከ2000 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። ሐና ሴነሽም የዚያች ከተማ ልጅ ነበረች፤ የተገደለችውም እዚያው በቡዳፔስት ነው፣ ኅዳር 1944።

ከጦርነቱ በኋላ ሰፈሩ ባለቤት እንዳጣ ቤት ሆነ። በኮሚኒስቶቹ ዘመን ሕንፃዎቹ የሚያድሳቸው አጥተው ግድግዳቸው ተላጠ፣ አንዳንዶቹም ሊፈርሱ ተቆረጠባቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወጣቶች እነዚህን ግቢዎች በርካሽ ተከራዩ፣ ከየቦታው የተጣለ ወንበርና አሮጌ ሶፋ አመጡ፣ ቢራ መሸጥ ጀመሩ። «ሮምኮችማ» ይባላሉ፤ የፍርስራሽ መጠጥ ቤት ማለት ነው። ከሁሉም የታወቀው ሲምፕላ ኬርት ነው። በ2002 ተከፍቶ በ2004 ካዚንሲ በሚባለው መንገድ ላይ ወዳለ አሮጌ ግቢ ገባ። በዚያው መንገድ ላይ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ በ1913 የተሠራው የኦርቶዶክስ አይሁዶች ምኩራብ አለ። ዓርብ ማታ በአንድ መንገድ ላይ በአንድ በኩል ሰንበትን ይቀበላሉ፣ በሌላው በኩል ከበሮው ይመታል።

ይህን የምነግራችሁ ልጃችሁ ጥፋት ሠራ እንድትሉ አይደለም። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው ስለ ጫጫታው ብዙ ተጨቃጭቀዋል። በ2018 መጠጥ ቤቶቹ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጉ ተብሎ በሰፈሩ ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ ነበር፤ ድምፅ ሊሰጥ የመጣው ሰው ጥቂት ስለነበረ ሳይጸና ቀረ። ሌሊቱም እንደቀጠለ ነው። ልጃችሁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር «የት እንገናኝ?» ሲባባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሰፈር ነው።

ርካሽ ናት ስለሚባለው

ስለ ቡዳፔስት ሰው ሲያወራ «እዚያ እኮ ሁሉ ነገር ርካሽ ነው» ይላል። ይህ ወሬ አርጅቷል። የሃንጋሪ ገንዘብ ፎሪንት ይባላል፤ 100 ፎሪንት በግምት 1 ሼቄል ነው ብላችሁ ብታስቡ ከእውነቱ ብዙ አትርቁም። በ2023 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ25 በመቶ አልፎ ነበር። ዳቦውም ቢራውም አብሮ ወጣ። ከቴል አቪቭ ጋር ስታወዳድሩት አሁንም ይቀላል፤ አደጋው ግን እዚያው ላይ ነው። «ርካሽ ነው» ያለ ሰው አይቆጥርም።

ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ለምሳሌ ነው፤ ዋጋው ከቤት ቤት፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። አንድ ተማሪ ሳያስብበት ሐሙስ ማታ ወጣ እንበል።

ሁለት ቢራ፦ 3000 ፎሪንት።
ለጭፈራ ቤት መግቢያ፦ 3000።
ክረምት ስለሆነ ለኮት ማስቀመጫ፦ 500።
እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲርበው ለጊሮስ ወይም ለላንጎሽ፦ 2500።
ወደ ቤት ለታክሲ፦ 4500።
ድምር፦ 13,500 ፎሪንት፣ ወደ 135 ሼቄል።

እስቲ ልብ በሉ። መጠጡ ከጠቅላላው ሩብ እንኳ አልሞላም። እናትና አባት «በመጠጥ ጨረሰው» ብለው ይናደዳሉ፤ ልጁም «እኔ እኮ ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» ብሎ ይማማላል። ሁለቱም አልዋሹም። ገንዘቡ የሚያልቀው በቢራው ዙሪያ ባለው ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ ከወጣ በአራት ሳምንት 108,000 ፎሪንት ይሆናል፤ ከ1000 ሼቄል በላይ ማለት ነው።

አሁን ያው ተማሪ አስቦ ሲወጣ እንየው። እቤቱ በልቶ ይወጣል። የሚመለሰው በትራም ነው፤ ለተማሪ በቅናሽ የሚሸጠውን ወርሃዊ የመጓጓዣ ካርድ አስቀድሞ ገዝቷል። ስለዚህ ለሁለት ቢራና ለኮቱ 3500 ፎሪንት ብቻ ያወጣል። መግቢያ የሚያስከፍል ቤት የሚሄደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን 6500 ይሆንበታል። በአራት ሳምንት ያንኑ ስምንት ምሽት ወጥቶ 40,000 ፎሪንት ይከፍላል፣ ወደ 400 ሼቄል። የቀረበት ጓደኛ የለም፣ የቀረበት ዘፈንም የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ገንዘብ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች

ስለ መመለሻው። ሜትሮው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይዘጋል። ቁጥር 6 የሆነው ትራም ግን ሌሊቱን ሙሉ በትልቁ ቀለበት መንገድ ላይ ይሠራል። ቁጥራቸው በ9 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ የሌሊት አውቶቡሶችም አሉ። ታክሲ ካስፈለገ ሕጋዊዎቹ ታክሲዎች ቢጫ ናቸው፤ ታሪፋቸውን የሚወስነው ከተማው ነው። ከመንገድ ላይ ዝም ብሎ ከማስቆም ግን በስልክ መጥራት ይሻላል።

ስለ ባንክ ማሽን። ካርድ ስትሰጡ ወይም ገንዘብ ስታወጡ ማሽኑ «በሼቄል ወይስ በፎሪንት?» ብሎ ይጠይቃል። በሼቄል ማለት ለእኛ የሚቀለን ይመስላል። ነገር ግን ማሽኑ የሚመነዝረው በራሱ ዋጋ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ መጥፎ ነው። ልጃችሁ ሁልጊዜ ፎሪንት ይበል። በሰከረ ዓይን ይህንን ጥያቄ የሚያነብ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሌሊቱን ገንዘብ ቀን ያውጣ።

ስለ ሒሳብ ወረቀት። በብዙ ቤቶች ከ10 እስከ 15 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከሒሳቡ ላይ ተደምሮ ይመጣል። ያንን ሳያዩ ጉርሻ የሚጨምሩ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ዋጋ ያልተጻፈበት ቤት ደግሞ አይገባም። በተለይ መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው፣ ቆንጆ ልጅም ብትሆን፣ «ና እዚህ ቤት እንጠጣ» ብሎ የሚወስድበት ቦታ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ሲወጡ የማይቀመስ ሒሳብ ይቀርባል።

ስለ መጠጡ ዓይነት። ሃንጋሪዎች ፓሊንካ የሚሉት የፍራፍሬ አረቄ አላቸው። አረቄ ቀምሳችሁ የምታውቁ ኃይሉን አልነግራችሁም፤ ቢያንስ 37.5 በመቶ አልኮል ነው፣ ብዙው ከዚያም ይበልጣል። ሦስት ትናንሽ ብርጭቆ የደፋ ልጅ የኪሱን ሒሳብ መያዝ አይችልም። በሌላ በኩል «ፍሮች» የሚሉት አለ፤ ወይን በሶዳ የተቀላቀለ። «ሆሱሌፔሽ» የሚባለው ዓይነቱ አንድ እጅ ወይን ሁለት እጅ ሶዳ ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ እጅ ላይም ይቆያል።

ተማሪዎች ገንዘብ ለመቆጠብ የሚያደርጉት ሌላ ነገር አለ። ከሱቅ ገዝተው ከመውጣታቸው በፊት እቤት ይጠጣሉ። ሃንጋሪዎች ስም ሰጥተውታል፤ «አላፖዛሽ»፣ መሠረት መጣል እንደማለት ነው። ከሱቅ የተገዛ ቢራ ከመጠጥ ቤቱ ሲሶ ገደማ ሊያወጣ ስለሚችል በሒሳብ ትክክል ይመስላል። ግን እቤት ሲጠጡ የሚለካ የለም፣ ፍጥነቱም ይበዛል። በዚህ መንገድ የተቆጠበ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በታክሲና በጠፋ ስልክ ይከፈላል።

ይሉኝታ የሚያስከፍለው

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። ልጆቻችንን «ብቻህን አትብላ» ብለን ነው ያሳደግናቸው። እንግዳ ሲመጣ ያለንን እናወጣለን፤ ሒሳብ ሲመጣ «እኔ እያለሁ!» ብለን እንታገላለን። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን ይህንን ይዞ የወጣ ልጅ ቡዳፔስት ውስጥ አምስት ጓደኞች ጋር ሲቀመጥ «የመጀመሪያው ዙር የኔ ነው» ይላል። አምስት ቢራ 7500 ፎሪንት። ጀርመኑና ኖርዌዩ የየራሳቸውን ከፍለው መሄድ አያፍሩም፤ ንቀትም አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። የኛ ልጅ ግን «የራሴን ብቻ ነው የምከፍለው» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም። የተጋበዘውን ሳይመልስ መሄድም ይከብደዋል። ስለዚህ ሌላ ዙር ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ።

ይህንን ሊፈታለት የሚችለው የእናንተ ቃል ነው። «ልጄ፣ የራስህን ብቻ ብትከፍል አናፍርብህም። መጋበዝ ከፈለግህ እቤትህ ጥራቸው፣ ወጥ ሠርተህ አብላቸው» በሉት። አንድ ድስት ምስር ወጥ አምስት ሰው ያጠግባል፤ ዋጋው የአንድ ዙር ቢራ ግማሽ አይሞላም። በርበሬና ሽሮ በሻንጣው ውስጥ ስታስቀምጡለት ይህንንም አብራችሁ አስቀምጡለት።

ሌላም ነገር አለ። በአገር ቤት ስንኖር ጠላው እቤት ይጠመቅ ነበር። ገብሱ ከእርሻ፣ ጌሾው ከጓሮ። የሚጠጣው በበዓል፣ በሰርግ፣ በደቦ ነበር፤ ያውም ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ። ወጣቱ አባቱ ፊት ተቀምጦ ከልኩ አያልፍም። ልኩን የሚያስጠብቀው ኪሱ አልነበረም፤ የሰው ዓይን ነበር። እዚህ እስራኤልም ሕጉ ትንሽ ያግዛል፤ ከምሽቱ 23:00 እስከ ጠዋቱ 6:00 ሱቅ አልኮል አይሸጥም። ቡዳፔስት ውስጥ ግን ልጃችሁን የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። ከ18 ዓመት በላይ ነው፣ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ መጠጥ ቤቱ እስኪነጋ ክፍት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ የዚያን ዓይን ሥራ መሥራት አለበት።

እንዴት እንነጋገር?

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶች። ከመሄዱ በፊት፣ ሄዶም ከሆነ ለበዓል ሲመጣ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። እንዲህ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፦ «ማታ እንደምትወጣ እናውቃለን። ሰው ነህ፣ ወጣት ነህ፣ አትውጣ አንልህም። ግን ስንት እንደሚበቃህ አብረን እንወስን።» ይህንን ሲሰማ ልጁ መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ይተነፍሳል።

ከዚያ ገንዘቡን ለይታችሁ ስም ስጡት። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ መጽሐፍ፣ ከዚያም መዝናኛ። ስም የሌለው ገንዘብ ነው «ለመጽሐፍ ነው» ተብሎ የሚጠየቀው። ልጁ እንዲዋሽ የሚገፋው አንዳንዴ የኛ ዝምታ ነው።

በወር ሳይሆን በሳምንት ስጡት። በወር የተላከ ገንዘብ በአሥር ቀን ያልቃል። ባንካችሁ በየሳምንቱ የሚሄድ ኦራአት ኬቫ ሊያደርግላችሁ ከቻለ መልካም ነው፤ ካልቻለ ልጁ ራሱ ለይቶ በሌላ ካርድ ላይ ያስቀምጠው። በዚያ ካርድ ላይ ያለው ሲያልቅ የዚያ ሳምንት ሌሊት አለቀ ማለት ነው። የኪራዩ ካርድ ማታ ከቤት አይወጣም።

ከዚያ ገንዘብ ላይ ሒሳብ አትጠይቁት። የመዝናኛ ተብሎ የተሰጠውን ቢራ ቢጠጣበት፣ ሲኒማ ቢገባበት የሱ ነው። የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከተወሰነው አልፏል ወይስ አላለፈም?

የመመለሻ ገንዘብ ግን ለብቻው ይሁን። አንድ የታክሲ ዋጋ ሁልጊዜ ተቀምጦ ይኑር፤ ለሌላ ነገር አይነካም። በተለይ ሴት ልጅ ላላችሁ፣ ለወንድም ቢሆን፣ በግልጽ ንገሩ፦ «የታክሲ ካጣሽ በማንኛውም ሰዓት ደውዪ፣ እንልካለን፣ ጥያቄ አንጠይቅሽም።» ብርጭቆዋን ትታ እንዳትሄድ፣ የማታውቀው ሰው የቀዳውን እንዳትጠጣ አስታውሷት። አደጋ ከመጣ የሚደወለው 112 ነው። መኪና የሚነዳ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህንን ይወቅ፦ በሃንጋሪ ሕግ መሪ የሚይዝ ሰው አንድ ብርጭቆም አይፈቀድለትም።

ገንዘብ የማይጠይቁ ምሽቶችም እንዳሉ አንሱበት። በዳኑብ ዳር መሄድ በነፃ ነው። ከወንዙ መሐል ያለችው ማርጊት ደሴት በነፃ ነው። በፓርላማው አጠገብ በወንዙ ጫፍ ላይ ከብረት የተሠሩ 60 ጥንድ ጫማዎች አሉ፤ እዚያ ጫማቸውን እንዲያወልቁ ተደርገው የተረሸኑ አይሁዶች መታሰቢያ ነው። አንድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ቆሞ ስለ ሕዝባችን መንገድ ቢያወራ፣ ከኢትዮጵያ ስለተነሳውም ጭምር፣ ዋጋው ከዙር ቢራ ይበልጣል።

ገንዘብ ብቻ ያልሆነ ጊዜ

በጀት የሚጠቅመው ለጤነኛ ሰው ነው። ልጁ ለመጠጥ ሲል የሚበደር ከሆነ፣ ብቻውን የሚጠጣ ከሆነ፣ ጠዋት ስትደውሉ ሁልጊዜ ተኝቶ ከሆነ፣ ፈተና ማለፉን ከደበቀ፣ ነገሩ ከሒሳብ አልፏል። ያን ጊዜ ገንዘቡን መቁረጥ ብቻውን አይፈታውም፤ ብቸኝነት ወይም የትምህርቱ ክብደት አለበት ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ሳትቆጡ ጠይቁት። ትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ እንዳለው እንዲያጣራ በሉት፤ ከተቻለም ከቤተሰብ አንድ የሚያምነው ሰው፣ ታላቅ ወንድም ወይም አክስት፣ ሄዶ ይየው።

ልትጎበኙት የሄዳችሁ እንደሆነ ደግሞ «የምታመሽበትን ቦታ አሳየኝ» በሉት። እሑድ ጠዋት ሲምፕላ ኬርት የገበሬዎች ገበያ ይሆናል። ማታ ቢራ የሚቀዳበት ግቢ ውስጥ አይብ፣ ማር፣ ዳቦና አትክልት ይሸጣል። እናት ዘንቢሏን ይዛ ትገባለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ልጁም ይተረጉማል። ወጣ ብላችሁ የካዚንሲውን ምኩራብ፣ የዶሃኙን ግቢ እዩ። ሃንጋሪዎች ሲጠጡ «ኤጌሴጌድሬ» ይላሉ፤ ለጤናህ ማለት ነው። እኛም «ለጤናችን» እንላለን። ለጤናው እንዲጠጣ፣ ለትምህርቱም ገንዘብ እንዲተርፈው ንገሩት። ልጆቻችን በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ።